ማን አረደው?

በሰው አገር የሚኖር ሙስሊም ቤታችሁ በእንግድነት ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ሰላምታውን እስከ «ወበረካቱህ» ድረስ አዳርሶ ይቀመጣል፤ ልጆች ካሉ ይስማል። ይህ ሁሉ መንደርደሪያ ነው። ዐይኑ የድስቱን ክዳን አልለቀቀም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ ለራሱ ሳይሆን ለባለቤቱ ነፍስ የተጨነቀ በሚያስመስል አነጋገር፣ «ለመሆኑ... ማን አረደው?» ይላል።

ይህ ጥያቄ ደሴ ላይ ቢጠየቅ ያጣላል። እናቴ ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ቢመጣ እጁን ሳይታጠብ ነው የሚመለሰው። ጉኑኖ ላይ ግን የሰላምታው አካል ሆኗል። ለመድኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልለመድኩትም። ጢሜን እያዩ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የካዕባ ሥዕል እያዩ ነው'ኮ የሚጠይቁኝ!

ጉኑኖን ለማታውቁ፦ በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቀይ አፈር፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሰላምታ የማይሰለቸው ሕዝብ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከ1.5 ሚሊዮን የዞኑ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ ሆኖ ተገኘ። ከቀረው ላይ ካቶሊኮች ድርሻቸውን አነሡ። እኛ ያለነው ከዚያ በተረፈው ላይ ነው።

እናቴ ወደዚህ መመደቤን የሰማች ዕለት ባሕር የምሻገር መስሏት አለቀሰች። «እዚያ አገር አዛን ይሰማል?» አለችኝ። ከቤታችን አይሰማም አልኳት። «ታዲያ በምን ታፈጥራላችሁ?» በስልክ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ሥጋ እንዳትበላ» ብላ ዘጋችው።

እንግዲህ አስቡት። ወላይታ ማለት ሥጋ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው «ወላይታ» የሚል ታፔላ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። ጊፋታ ሲደርስ ወንዶቹ በማኅበር ቆጥበው ያደለቡትን በሬ ይጥላሉ፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ ያወጣሉ፤ ዳጣው ይፈጫል፣ መንደሩ በሙሉ ይበላል። እኛ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሥጋ መሀል ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያለው ሰው የወላይታ ሙስሊም ሳይሆን አይቀርም።

«የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ተፈቅዷል አይደል?» የሚል የተማረ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ላይ አለ፤ ዑለሞቹም ብዙ ጽፈውበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሥጋ በመጽሐፍ ብቻ አይበላም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚህ ላይ በሚገርም ሁኔታ ተስማምተዋል፦ አንዱ የሌላውን እርድ አይነካም። ሥጋ ቤቱ መስቀሉን ወይም ጨረቃውን በሩ ላይ ይስላል። ወሎ ውስጥ የክርስቲያን ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙ ጎረቤት በሬው ለብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ለብቻ ይጣዳል፣ አራጁም ሠሪውም ሙስሊም ነው። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ። ከዚያ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ይጨፍራል። እኔ ያደግሁት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ ግን አራጅ ይፈልጋል። ጉኑኖ ላይ የጎደለን አራጅ ነው።

ባለፈው ረመዳን «ኑ፣ ላስፈጥራችሁ» አልኩ። እንዲህ የሚባለው ዶሮ ሳይገዛ ነው።

ዶሮውን ባለቤቴ ከገበያ ይዛ ስትመጣ እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ። ይህን ያነበበ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይረዳኛል። እሷ ደግሞ አታርድም። በሃይማኖት አልተከለከለችም፤ ሴት ብታርድ ይበላል። ኡስታዙን በስልክ ጠይቃ «ይቻላል» ብለዋታል። የደሴ አያቷ ግን በሕይወት ሳሉ «አይቻልም» ብለዋት ነበር። አያቷ አሸነፉ።

ስለዚህ በአገራችን ሴት ሁሉ እንደምታደርገው በአንድ እጇ ዶሮ፣ በሌላው ቢላዋ ይዛ በራፉ ላይ ቆመች። ደሴ ቢሆን የመጀመሪያው ወንድ አላፊ አግዳሚ «ቢስሚላህ» ብሎ ገላገላት ነበር። ጉኑኖ ላይም አላፊ አግዳሚ ሞልቷል፤ ደግነቱም ሞልቷል። ችግሩ እሱ ነው።

አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ወጣት ቆመ። «እኔ ልረድልሽ?» አላት። «አይ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለችው። ቀጥሎ ተማሪዎች መጡ፤ እነሱንም መለሰች። ከዚያ ከጸሎት የሚመለሱ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥሩ ላይ አስቀምጠው እጅጌአቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «አምጪ ልጄ፣ ከባድ ሥራ አይደለም» አሏት። ምን ትበል? «አመሰግናለሁ አባቴ፣ ባሌ እስኪመጣ ልጠብቅ» አለች። ሽማግሌው ዶሮውን አዩት፣ እሷን አዩ፣ እጅጌአቸውን መልሰው ዘረጉ። «ባልሽ ዶሮ ቆጥሮ ነው ከቤት የሚወጣው?»

ከዚያን ዕለት ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ እኔ ሚስቱ ዶሮ እንድታርድ የማያምናት ሰው ነኝ። ንፉግ የሚሉኝ አሉ፤ ቀናተኛ የሚሉኝም አሉ። ዶሮ ላይ እንዴት እንደሚቀና ግን ያስረዳኝ የለም።

በመጨረሻ ያዳነን ስልክ ነው። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው መጡ፣ አረዱ፣ ሄዱ።

ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው። መካ ሄደው አያውቁም፤ እዚህ ሱቅ ያለው ሙስሊም ሁሉ ግን ሐጂ ነው። ያገኘኋቸውም በሱቃቸው ነው። አዲስ ከተማ ሲገባ ወገን የሚፈለግበት ብልሃት አለ፦ ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዞር ዞር ማለት። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ እየደራ፣ የተዘጋ ሱቅ ካያችሁ የእናንተ ሰው ነው። በዚህ ብልሃት ሐጂን አገኘሁ፤ ሐጂ የጅማውን የባንክ ልጅ አስተዋወቁኝ፤ የባንኩ ልጅ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን የጅግጅጋ ዶክተር አመጣ። ዩኒቨርሲቲው 1999 ዓ.ም. ባይቋቋም ኖሮ ዶክተሩን ከየት እናገኘው ነበር? ሶዶም በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው በዝቷል። የሀላባው ሾፌር ግን በራሱ ጊዜ ነው የተገኘው። ሀላባ ጎረቤት ስለሆነ እሱ እንግዳ ነኝ አይልም፤ እኛን እንግዶች ይለናል።

እነዚህ ሰዎች በእርድ ይስማማሉ። በዚህ ብቻ!

በወጥ ጉዳይ ጀማዓው ይፈርሳል። ሀላባ የበርበሬ አገር ነው፤ ሾፌሩ የኔን ዶሮ ወጥ ቀምሶ «ማሻአላህ፣ ለሕመምተኛ ጥሩ ነው» አለ። ሐጂ በበኩላቸው አተካና የሌለበት ማፍጠሪያ ማፍጠሪያ አይመስላቸውም፤ ቡላው በቅቤ ረስርሶ፣ አይብ ተጨምሮበት ካልመጣ ሆዳቸው ባዶ እንደሆነ ያድራል። የባንኩ ልጅ የናቱን ቤት ሾርባ ያነሣና ይተክዛል። ዶክተሩ ሩዝ አየና ፊቱ በራ፤ ሩዙ ዙሪያ የሆነ ነገር ፈለገ፣ ከሣህኑ ሥር ሳይቀር ፈለገ። «ሙዙስ?» አለ። ሶማሌ ሩዝ ያለ ሙዝ አይበላም። ባለቤቴ ሙዙን ለኋላ ብላ ጓዳ ደብቃው ነበር። አምጥታ ሰጠችው። ሙዙን ከሥጋው ጋር ሲጎርስ ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እዚህ ላይ የሰዓቱን ነገር ላንሣ። አዛን ስለማይሰማን በስልክ ነው የምናፈጥረው ብያለሁ። ያን ሰሞን ጉኑኖ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። 12 ሰዓት ከ20 ላይ፣ ሁላችንም ተምሩን ትኩር ብለን እያየን ሳለን፣ ከዶክተሩ ኪስ «አላሁ አክበር» የሚል ያማረ ድምፅ ወጣ። ዶክተሩ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሰደደ። የባንኩ ልጅ እጁን አየር ላይ ያዘው። ለካ ስልኩ አሁንም ያለው ጅግጅጋ ነው! ፀሐይ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የአራት ደቂቃ ልዩነት ታመጣለች፤ ጅግጅጋ ከእኛ በአምስት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ሃያ ደቂቃ ትቀድመናለች። ይህን ያስረዳን ራሱ ዶክተሩ ነው፤ ተምሩን እያየ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። የጂኦግራፊ ትምህርት እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም።

ሰዓቱ ደረሰ፣ ተፈጠረ፣ ተሰገደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ በረመዳን ግን ዶሮ ሌላ ሰዓት የለውም። ማዕዱ ቀረበ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ወጡን በጥሞና መረመሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ለመሆኑ... ማን አረደው?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት'ኮ!» አልኩ። «ቀን መጥተው፣ እዚሁ በር ላይ!»

ሐጂ አልደነገጡም። ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ መቁጠር ያውቃሉ። «እኔ ያረድኩት አንድ ዶሮ ነው» አሉ። «እዚህ ትሪ ላይ ግን ሁለት ፈረሰኛ አለ። ወይ ይህ ዶሮ ተአምር ነው፣ ወይ ሌላ አራጅ አለ።»

ሁሉም ወደ ትሪው አጎነበሰ። እውነት ነው፤ ሁለት ፈረሰኛ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና አስረዳች፦ ሾፌሩ ሀላባ ቁሊቶ ላይ ያረደውን ዶሮ አጽድቶ በፌስታል ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱም ገብቶበታል። ሾፌሩ «ወላሂ እኔ ነኝ» አለ። ሐጂ «እንግዲህ አልሐምዱሊላህ» ብለው አንዱን ፈረሰኛ ለራሳቸው አነሡ። የትኛውን እንዳነሡ ግን አይታወቅም።

ዶክተሩ ይህን ጊዜ ታሪክ ማንሣት ፈለገ። የተማረ ሰው ሲጠግብ ወደ ታሪክ ይሄዳል። የመካ ሙስሊሞች መከራ ሲበዛባቸው በ615 ዓ.ም. ግድም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ ሐበሻ ተሰደዱ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ንጉሡ ፊት ቆሞ ተከራከረ፤ ንጉሡ ነጃሺም ስደተኞቹን ለመካ ሰዎች አልሰጥም አለ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ የባንኩ ልጅም ያውቃል። የሚቀጥለውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም።

ከስደተኞቹ መካከል የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ ነበረች። ባሏ ሐበሻ ምድር ላይ ሞተባት። ከዓመታት በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ ጠየቋት፣ መልእክቱም ለነጃሺ ደረሰ። እንደ ኢብን ሰዕድ ያሉ ቀደምት ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ንጉሡ ጃዕፈርንና እዚያ የነበሩትን ሙስሊሞች ጠርቶ ውሉን በነቢዩ ስም አሰረ፣ መህሩንም 400 ዲናር ከራሱ ቆጥሮ ሰጠ። ሰዎቹ ጉዳያችን አለቀ ብለው ሲነሡ ተቀመጡ አላቸው፤ በሠርግ ማብላት የነቢያት ልማድ ነው ብሎ ምግብ አስቀረበ፤ በልተው ተበተኑ።

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በሰው አገር ያሉ ሙስሊሞችን ሰብስቦ ማብላት እኛ የጀመርነው አይደለም፤ ነጃሺ ቀድሞናል።

ሐጂ ግን ማኘክ አቆሙ። «ያን ጊዜ ንጉሡ ሰልመው ነበር?» አሉ። ሰልመው ነበር አለ ዶክተሩ። «እሺ፤ ወጥ ቤቶቻቸውስ?» ዶክተሩ መልስ አልነበረውም። የባንኩ ልጅ «ወጡ እየቀዘቀዘ ነው» አለ። በዚያ ምሽት ከተነገረው ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነበር።

ስለ እማማ እስካሁን አልነገርኳችሁም። እማማ አከራያችን ናቸው፤ የወላይታ ሰው፣ የቃለ ሕይወት አማኝ። ያን ምሽት የቀረበው ቆጮ የእሳቸው ነው፣ ዳጣው የእሳቸው ነው፣ ቅቤው ከእሳቸው ላም ነው። ሐጂ እንደ ጉድ የተደሰቱበት ቡላም ከእሳቸው ጓሮ ከተነቀለ እንሰት ነው። ሁሉም በላ፣ ሁሉም አመሰገነ፣ እነዚህን ማን ሠራቸው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። የእኛ ሃይማኖታዊ ጥንቃቄ ዶሮ ላይ ጀምሮ ዶሮ ላይ ያልቃል።

የእማማ ልጅ የሚኖረው ሪያድ ነው። መጀመሪያ እንደሄደ ሥጋ አልነካም ብሎ ዓሣና እንቁላል ብቻ እየበላ ከሳ። በስልክ «ሥጋው ሁሉ የእስላም ነው» ብሎ አለቀሰባቸው። «ታዲያ ጸለየበትና ጀመረ» ይላሉ እማማ። በረመዳን እዚያ መስጊድ ደጃፍ ላይ ለሠራተኛው በነፃ በሚዘረጋው ማዕድ ሄዶ ይቀመጣል፤ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ያለው የለም። ሩዝ፣ ዶሮ፣ ተምር፣ ላባን። ስለዚህ እማማ ረመዳን በገባ ቁጥር ዕዳ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ለኛ ቆጮ ሲያመጡ «ይህ የዚያኛው ነው» ይሉናል። ሒሳቡን ሪያድ ላይ ከማወራረድ ጉኑኖ ላይ መዝጋት ቀሏቸዋል።

ያን ምሽት እንግዶቹ ሳይሄዱ እማማን ጠራናቸው። «ሳሮ» ብለው ገቡ፣ ሁሉንም በየተራ ጨበጡ፣ ተቀመጡ። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ አቀረበችላቸው። እኔ ፊታቸውን አየሁ፤ መጠየቅ መብታቸው ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት አደረጉ፣ ቀመሱ፣ ለባለቤቴ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡላት፦ «ልጄ፣ ቅቤው ያን ያህል ነበር እንዴ የሰጠሁሽ? ለምን አሳነስሽው?»

ማዶ ያሉት ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ግን ነገራቸው ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ነው የገቡት፤ ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ጾሞች አልተላቀቁም። እሳቸው ሥጋ የማንም ቢሆን አይበሉም፤ ቅቤም አይነኩም። ለእሳቸው የምስር ሳምቡሳ በዘይት ጠብሰን እንልካለን። እንዲያውም ከብዙ ምርመራ በኋላ የደረስኩበት ነው፦ በዚህች አገር ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ጾመኛው ኦርቶዶክስም ማን ሠራው ሳይል የሚበላው አንድ የድግስ ምግብ ቢኖር የምስር ሳምቡሳ ነው። ምስር አይታረድም።

ባለቤቴ ይህን ሰምታ «ታዲያ በሚቀጥለው ምስር ብቻ እንሥራ» አለች። ሐጂን ጠየቅናቸው። ሐጂ «እኔ ምስር ለመብላት ሱቄን አልዘጋም» አሉ።

ስለዚህ ወደ ዳሞት ሶሬ ለምትመደቡ፣ በተለይም ስብሰባ ለማይበዛባችሁ ሙስሊም ወንዶች አንድ ልመና አለኝ። ቤታችን ሁሌም ክፍት ነው፤ ቆጮው አይጠፋም፣ ቅቤውም ከእማማ ይመጣል። በርበሬውን ከሀላባ፣ ሙዙን ከገበያ እናገኘዋለን። ከእናንተ የምንፈልገው በረመዳን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ በእኛ ሰፈር በኩል እንድታልፉ ብቻ ነው። ቢላዋው ከእኛ ነው።